የልጅ ልጅ ሲመጣ የተውኩትና ያልተውኩት

ሚጡ በተወለደች በሦስተኛው ሌሊት ልጄ እጄን ያዘችኝ። በግራ እጄ ለጋ ቅቤ በቡና ሲኒ ይዣለሁ። የቀኝ ጣቴን ቅቤው ውስጥ ነክሬ አውጥቻለሁ። ጨቅላዋ ዓይኗን ጨፍና በአፏ ትፈልጋለች። ሁለቱንም ልጆቼን ያስጀመርኳቸው እንዲህ ነው፤ እናቴም እኔን፣ አያቴም እናቴን። «እማዬ፣ ተይው በቃ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ከአራስ ጋር መጨቃጨቅ ነውር ነውና ሲኒውን አስቀምጬ ወጣሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት በእኔ ደረሰ አልኩ። 31 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ፣ አንድ ፋይል ሳይጠፋብኝ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ሁለት ልጆች አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ድሬያለሁ። ታዲያ ጨቅላ መያዝ አታውቂም ልባል?

አሁን ሳስበው፣ ሚጡ በጥቅምት 2016 ስትወለድ ራሴን ያዘጋጀሁት እንደገና እናት ለመሆን ነበር። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። እናትነቱ የልጄ ሆኗል፤ የእኔ ቦታ ሌላ ነው። ያንን ቦታ እስካገኘው ወራት ፈጅቶብኛል። አያት ልትሆኑ ቀን ለምትቆጥሩ፣ ወይም አራስ ቤት ውስጥ ከልጃችሁ ጋር ተኮራርፋችሁ ለተቀመጣችሁ እህቶቼ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሰባተኛው ቀን ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አብሬ ገባሁ። ነርሷ የልጄ እኩያ ናት። ልጄን ስትጠይቅ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «እማማ፣ እርስዎስ የሚጠይቁት አለ?» አለችኝ። በዚያ ሳምንት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለ ቅቤው ነገርኳት። አልገሠጸችኝም። «ሆዷ ገና ትንሽ ነው። ቅቤና ውሃ ከያዘው ጡት አትስብም፤ እሷ ካልሳበች ደግሞ የእናቷ ወተት ይቀንሳል» አለችኝ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውሃ እንኳ አያስፈልግም፣ ለጥሟ የሚበቃው ውሃ ጡቱ ውስጥ አለ። እትብቷንም አየችና የጤና ባለሙያ ካዘዘው በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር እንዳይቀባ፣ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ነገረችን። ስናስተኛት በጀርባዋ፣ ያለ ትራስ።

ስለ እንገር ስትናገር ግን አንገቴን ደፋሁ። ታላቁን ልጄን ስወልድ እናቴ እንገሩን «ቆሻሻ ነው፣ ሆዱን ያመዋል» ብላ እያለበች መሬት ላይ አፈሰሰችው። ያ ቢጫ ወፍራም ወተት ለካ ጨቅላን ከበሽታ የሚጠብቅ፣ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ሊጠባው የሚገባ ነገር ነው። እናቴ ክፉ አስባ አይደለም፤ ወድዳኝ ነው ያፈሰሰችው።

ቤት ስንመለስ ልጄን ይቅርታ አላልኳትም። በእኛ ቤት እናት ልጇን ይቅርታ ስትል አላየሁም። ቅቤውን ግን አነጠርኩና ለገንፎዋ አደረግኩት። ገብቷታል።

ከዚያ ወዲያ ከመዝገብ ቤት ይዤው የወጣሁት ሙያ ሥራ አገኘ። አንድ ደብተር ገዛሁና የሚጡን ክትባት መዘገብኩ፤ እንደተወለደች የሚሰጠውን፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር የኩፍኝ፣ በ15 ወር ደግሞ የኩፍኝ ሁለተኛውን። ብዙ እናቶች 9 ወር ላይ ጨረስን ብለው ካርዱን ያስቀምጡታል፤ የ15 ወሩ ይረሳል። እንቅልፍ ያጣች እናት ቀን መቁጠር አትችልም። ይህ ለአያት የሚመች ሥራ ነው፤ ማንንም አይጋፋም፣ ማንም አይቀየምበትም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

«ሁሉም ያደገው እንዲሁ ነው» የሚል ንግግር አለን። እኔም ስንቴ ብዬዋለሁ። ያላደጉትን ግን አንቆጥራቸውም። ታላቁ ልጄ በ1980 ዓ.ም. ነው የተወለደው። በአምስት ወሩ ሲያስለው፣ ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» አሉኝና አስቆረጥኩት። ሰውዬው ጫፉ የተቆለመመ ብረት ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ በጨርቅ ጠረግ አደረገው፣ በቃ። እኔ ነኝ ጭንቅላቱን የያዝኩለት። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ደሙን ሲውጥ አደረ። ሊነጋ ሲል ከንፈሩ ነጣ፤ ታቅፌው ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ተረፈልኝ። ሳሉ ግን ከእንጥሉ አልነበረም፤ የሳንባ ምች ነበር የያዘው።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሚጡ ሰባት ወር ሲሆናት ተቅማጥ ያዛትና ቡና ላይ የነበሩ ሴቶች «የወተት ጥርሷ ነው፣ አስነቅሉላት» ማለት ጀመሩ። ልጄ ደንግጣ አየችኝ፤ የማን ወገን እንደምሆን አላወቀችም። ሴቶቹ ሲሄዱ አስቀመጥኳትና የወንድሟን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ምንም አላለችም። ተነሥታ አጠገቤ መጣችና ራሷን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች፣ እንደ ልጅነቷ።

ለተቅማጡ ለምለም የምንለውን ዱቄት አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠን በማንኪያ ሰጠናት፤ ጡቷንም አላቋረጠችም። ጤና ጣቢያም ወስደን የዚንክ እንክብል ታዘዘላት። በዚያ ዕድሜ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ቆሻሻ ነው፣ ጥርሱ ላይ የሚላከከው ጊዜው ስለሚገጥም ነው። ድዱን ተልትለው የሚያወጡት ያልበሰለ ጥርስ ግን ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፤ የማይድን ጣጣ ያመጣል።

ልጄ እኔን መጠየቅ የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። «እማዬ፣ ይኼን እንዴት ታደርጊው ነበር?» ትለኛለች። ሳላውቅ አዋቂ ስመስልባት አትጠይቀኝም ነበር።

የአማቼ እናት ጅማ አጠገብ ያለችው የማና ሰው ናቸው፤ ቡና አላቸው፣ ቀፎ አላቸው። ሚጡ በኦሮምኛ «አኮ»፣ አያቴ፣ የምትላቸው እሳቸውን ነው፤ እኔ «እማማ» ነኝ። በስምንተኛ ወሯ ሊጠይቋት ሲመጡ ማር ይዘው መጡ። የጅማን ማር ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው፣ ክዳኑ ሲከፈት ቤቱ የጫካ አበባ ይሸታል። አኮ በማንኪያ ጫፍ ጠለቅ አድርገው ወደ ልጅቷ ሲዘረጉ የልጄ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። የገዛ እናቷን «ተይ» ማለት ትችላለች፤ የባሏን እናት ግን እንዴት ትበል? ስለዚህ እኔ ገባሁበት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንደማይሰጥ ሐኪም ነግሮን ነበር። ለትልቅ ሰው ሆድ ምንም የማይል ተሕዋስ ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሕፃን አንጀት ውስጥ ሲገባ ግን መርዝ ያፈራል፣ ሰውነቱን ያዝላል፣ ትንፋሹን እስከ ማስቸገር ይደርሳል። ቦቱሊዝም ይሉታል። ማሩ ንጹሕ መሆኑ አያድንም፣ ገንፎ ውስጥ ገብቶ መብሰሉም አያድንም።

በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ ብደረድር አኮን አዋርዳቸው ነበር። እጃቸውን ያዝ አድርጌ «እኔም በዚሁ በቅቤ ተይዣለሁ፤ የዘመኑ ልጆች አያቶችን እየያዙን ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሐኪሙ የነገረንን ቀስ ብዬ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ማሩን ለልጄ አስቀመጥንላት፤ የሚያጠባ ሰው ማር ቢበላ ልጁን አይጎዳውም። ሚጡ አንድ ዓመት በሞላት ቀን የመጀመሪያዋን ማንኪያ ማር ያቀመሷት አኮ ናቸው። እንዲያደርጉት ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለ ምግቧ ብዙ አልልም። ከ6 ወር በኋላ ቀጠን ያለ አጥሚት ብቻ ይዞ መቆየት ልጅ ያቀጭጫል። ገንፎዋ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ መሆን አለበት፤ እንቁላል፣ ጎመን፣ ምስር እየገባበት። እዚህ አቮካዶ እንደ ልብ ነው፤ በሹካ መፍጨት ነው፣ ሌላ ድካም የለውም።

የቡናው ነገር ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። ጅማ ተቀምጦ ቡና አልጠጣም የሚል የለም፤ በቀን ሁለቴ እናፈላለን። ሚጡ መራመድ በጀመረች በሳምንቱ ጀበናውን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ ሲኒ ላለቀልቅ ዞር አልኩ። የረከቦቱን ልብስ ጫፍ ይዛ ሳበችው። ሲኒዎቹ ሲንኳኩ ሰምቼ ስዞር ጀበናው ተጋድሞ ቡናው ወደ እሷ እየሄደ ነው። አፈፍ አደረግኳት፤ ግራ እጇን ግን ነክቷታል። አንዷ «ጥርስ ሳሙና!» አለች፣ ሌላዋ «እንቁላል!» አለች። እኔ ወደ ቧንቧ ሮጥኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ እየፈሰሰባት ያዝኳት፤ እሷ ስትጮህ እኔም አለቅሳለሁ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወሰድናት። ቆዳዋ ቀላ፣ ጥቂት ቋጠረ፣ ጠባሳ ሳይተው ዳነ። ውሃው ነው ያዳናት አሉን። የጥርስ ሳሙናና ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል።

ለልጄ የደወልኩላት እኔው ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ይቅርታ ማለት ያልለመደው አፌ ያን ቀን ለመደ። አሁን ቡና የሚፈላው ሚጡ ስትተኛ ነው፤ ካልሆነም አንድ ሰው እሷን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሳያልቅ ወደ ቤት አይገባም፣ መስኮት ይከፈታል። ዕጣኑንም ቀንሰነዋል፤ ትንፋሿ ገና ለጋ ነው።

የተውኩት ይህን ይህን ነው። ያልተውኩት ደግሞ አለ፤ ማንም ተይ ቢለኝ የማልተወው። ማዘልን አልተውኩም። ልጄ ከሱቅ የገዛችው ማዘያ አለ፣ ማሰሪያውና ቁልፉ ብዙ ነው። እናቴ የተወችልኝን አንቀልባ አወጣሁና ጠራርጌ አዘልኳት። ጀርባዬ ላይ እንደሆነች ሁለት ሦስቴ «እሹሩሩ» ስል ትንፋሿ ይረዝማል፣ ጉንጯ ትከሻዬ ላይ ይከብዳል። ልጄ በር ላይ ቆማ አይታ በስልኳ ቀረጸችኝ። አሁን እሷም በአንቀልባው ታዝላለች።

አማርኛዬንም አልተውኩም። ሚጡ ከአባቷና ከአኮ ጋር ኦሮምኛ ትናገራለች፣ ከእኔና ከእናቷ ጋር አማርኛ። በመጀመሪያ ይምታታባታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አይምታታባትም። ለእኔ «ውሃ» ትላለች፣ ለአባቷ «ቢሻን»። ማን በምን እንደሚያናግራት ከእኛ ቀድማ ታውቃለች። የሚጎዳው አንዱን ቋንቋ አሳፍሮ ማስተው ነው።

ተረትም አለ። የታላቁ ልጄ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ብንተያይ ነው። ጡረታ ስወጣ ስማርት ስልክ ገዛሁ፤ ቤታችን ተከራይቶ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቴሌግራም አስተማረኝ። ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ «ተረት ተረት» ስለው «የላም በረት» ይለኛል። ጦጣዋ ከጅብ ጋር ፊት ለፊት ስትገናኝ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ ወይ መብራት ይጠፋል። ልጁ እያለቀሰ ይተኛ ነበር። አንድ ቀን ተማሪው «እማማ፣ ለምን በድምፅ ቀድተው አይልኩለትም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቤቱ ጸጥ ሲል ተረቱን በድምፅ እቀዳና እልካለሁ፤ እሱ ሲተኛ ይሰማዋል። አሁን ከሠላሳ በላይ ተረት ልኬለታለሁ። ርቃችሁ ያላችሁ አያቶች ይህን ሞክሩት፤ ብዙ ካርድ አይበላም፣ መብራት አይጠብቅም። ባለፈው ክረምት ሲመጣ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን፤ እንጨቱን፣ ሰገነቱን፣ ከኮረብታው ቁልቁል የሚታየውን ከተማ። የጠየቀኝን ግማሹን አላውቀውም ነበር። አስጎብኚውን አብረን ጠየቅን። ማታ የሰማውን አሳምሮ መልሶ ነገረኝ።

ስልኩ ያስቸገረኝ በሌላ በኩል ነው። ሚጡ አልበላ ስትል ካርቱን ከፍቼ ሰጠኋት፤ አፏን ከፈተች። በሦስተኛው ቀን ያለ ስልክ አልበላም አለች። ልጄ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ምክር አነበበችልኝ፤ 2 ዓመት ላልሞላው ሕፃን የስክሪን ጊዜ አይመከርም ይላል። ለማስተው ሁለት ሳምንት ለቅሶ ነበር። ፎቶዋንም እንዲሁ ሳላስፈቅድ ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ገላዋን ስትታጠብ የተነሣችውን። ለእኔ ቆንጆ ልጅ ናት፤ ማን እንደሚያያት ግን አላውቅም። እናቷ እንዳጠፋው ጠየቀችኝ፣ አጠፋሁት። አሁን ሳልጠይቅ አልለጥፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ። ልጄ ሥራ ስትመለስ ሚጡን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እኔ ልይዛት ተስማማን። ማን ከአያት የተሻለ ይይዛታል? ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ራሴን አዞረኝ፤ ስለካ የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል። መድኃኒቴን የምረሳው እሷን ሳበላ ነበር። ልጄን አስቀምጬ «ሐሙስ የእኔ ናት» አልኳት። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ የጅማዋ ገበያ ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያዋ ትታወቃለች። ገበያዬን እወጣለሁ፣ ዕቁቤን እጥላለሁ፣ ግፊቴን እለካለሁ። ሐሙስ ሐሙስ አኮ ከማና ይመጣሉ። ይህን ስናገር ልጄ የምትከፋ መስሎኝ ለሳምንታት አፍኜው ነበር። «እማዬ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምናለ» አለችኝ። ደከመኝ ማለት ልጁን አለመውደድ የሚመስለን እኛ ነን እንጂ ልጆቻችን አይመስላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ግድግዳ የምትጋራን ወጣት ጎረቤታችን ወለደች። ገንፎ አገንፍቼ ሄድኩ። እናቷ ከሰቃ ሊያርሷት መጥተዋል፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። አራሷ አልጋ ላይ ናት፣ ጨቅላው እቅፏ ውስጥ ነው። እናትየዋ ሲኒ ይዘው ቆመዋል፤ ጣታቸው ቅቤ ነክቷል። ልጅቷ ወደ እኔ ታያለች። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ መጀመሪያ» አልኳቸው። ተቀመጡ። ስለ ቅቤው አላነሣሁም። ስለ ታላቁ ልጄ፣ ስለዚያ ሌሊት፣ ጭንቅላቱን የያዝኩለት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ቀጥዬም ሚጡ በተወለደች በሦስተኛው ሌሊት የሆነውን። ዝም ብለው ሰሙኝ። «አንቺም?» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔም» አልኳቸው።

ጨቅላው ተነሥቶ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቷ ጡቷን አስያዘችው። እናትየዋ እሱን እያዩ ቆዩና ጣታቸው ላይ የነበረውን ቅቤ ቀስ አድርገው ወደ ገዛ ፀጉራቸው ወሰዱት።